ከነጓንቱ ስንት ይመዝናል

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ግራም» ነው የሚለው። በመሥሪያ ቤት የተመዘገበውን ስሙን ከደመወዝ ከፋዩና ከልጁ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። እሱ ራሱም በስሙ ሲጠሩት ዞር ብሎ ሌላ ሰው የሚፈልግበት ጊዜ አለ።

ሥራው ሚዛን መፈተሽ ነው። ከሥጋ ቤት እስከ ብረት መደብር እየዞረ የታወቀ ክብደት የነጋዴው ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። ትክክል ከሆነ የእርሳስ ማኅተም ይመታበታል፤ ካልሆነ እስኪስተካከል ድረስ ያሽገዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሲኖር አመሉም እንደ ሥራው ሆነ። ሽንኩርት ሲገዛ በመዳፉ አንሥቶ «ሠላሳ ግራም ይጎድላል» ይላል። የልጅ ልጁ የተወለደች ቀን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አፍንጫዋ የማን እንደሆነ ሲከራከር፣ እሱ አዋላጇን የጠየቃት የሕፃናቱ ሚዛን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተፈተሸ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው በክብደት ይሳሳታል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እሱማ ጭራሽ አይጠረጥርም ነበር።

ግቢው ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ቆማለች። የሚስቱ ናት። ሚስቱ የሎሚ፣ የሮማንና የጽጌረዳ ችግኝ በጣሳ እያሳደገች፣ በየቅዳሜው ተሳቢዋን ከአሮጌዋ ፒክአፕ ኋላ ቀጥላ ገበያ ትሄድ ነበር። የምትነዳው እሷ ነበረች፤ ጋሽ ግራም ከጎኗ ተቀምጦ «ቀስ በይ» የማለት ኃላፊነት ነበረው። ተሳቢ የተቀጠለበትን መኪና ወደ ኋላ ማስገባት ደግሞ ለእሷ በር እንደ መዝጋት ነበር። እሱ አንድ ቀን ልሞክር ብሎ የጎረቤቲቱን የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ ሁለት አንሶላና አንድ የሌሊት ልብስ ሳይቀር፣ ጎትቶ እስከ መንገድ አድርሶታል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሞክር አላለውም።

ያረፈችው ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። በሦስተኛው ወር ፒክአፗም ተከተለች። የሚስቱን ሞት ማንም ሊያስቀረው አይችልም ነበር ብለውታል ሐኪሞቹ። የፒክአፗን ግን ማስቀረት ይቻል ነበር፤ የገደላት እሱ ራሱ ነው። የሞተር ዘይቷ ማለቁን ሳያይ ነዳት። ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተሠራ መለኪያ ዘንግ ሞተሩ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲለካ የኖረ ሰው እሱን አንድ ቀን መዞ አላየም። መካኒኩ ዘንጉን አውጥቶ ድርቅ ማለቱን ሲያሳየው ጋሽ ግራም ከአፉ የወጣለት «መለኪያው ራሱ ትክክል ነው?» የሚል ነበር። መካኒኩ ይህን እስከ ዛሬ ለደንበኞቹ ያወራል።

ከዚያ በኋላ የመፈተሻ ክብደቶቹን በእንጨት ሣጥን ይዞ በአውቶቡስ መመላለስ ጀመረ። ሣጥኑ እግሩ ላይ ያረፈበት ተሳፋሪ «ምንድነው የያዝከው ሰውዬ፣ ወፍጮ ነው?» ሲለው «የለም፣ ሠላሳ ኪሎ ነው» ብሎ መለሰለት። ሰውየው እግሩ መመዘኑ አላጽናናውም።

ልጁ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። አንድ ዓርብ ወገቡን ይዞ በሩን ሲከፍትላት አየችው።

«አባዬ፣ አሁንስ በዛ። መኪና ግዛ። ትንሽ ትሁን፣ ነዳጅ የማትጨርስ። ሥራ ታድርስህ፣ ትመልስህ፤ በቃ።»

«ተሳቢዋንስ ትችላለች?»

«ተሳቢዋን ምን ያደርግልሃል? ችግኙን አንተ ልትሸጥ ነው? ባለፈው ሴትዮዋ ሎሚው መቼ ያፈራል ብትልህ ምን አልካት?»

«በትክክል ለመናገር አይቻልም አልኳት።»

«አየህ!»

«እውነቴን ነው እኮ።»

ልጁ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወንበር ሳበች። «ለተሳቢዋ ገዢ አግኝቻለሁ። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ይመጣል።»

«ማነው እሱ?»

«አሮጌ ብረት ገዢው።»

ጋሽ ግራም የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ይህ ሰው በየሰፈሩ የወዳደቀ ብረት እየገዛ በጋሪ የሚሄድ እኩያው ነው፤ ጋሽ ግራም ሰላምታ ከነሣው ስምንት ዓመት ሆኖታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ መሥሪያ ቤቱ የድሮዎቹን የብረት ክብደቶች በአዲስ ሲተካ፣ ጋሽ ግራም ከተወገዱት ውስጥ አሥራ ስድስቱን፣ እያንዳንዳቸው ባለ ሃያ ኪሎ፣ አስፈቅዶ ቤቱ አመጣቸው። «ለአንድ ነገር ይሆናሉ» አለ። ምን እንደሆነ የማይታወቀው ያ አንድ ነገር ሳይመጣ ክብደቶቹ አራት ወር ሙሉ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደርድረው ቆዩ። ሚስቱ የእግሯን ጣት ስትመታባቸው «አንሣልኝ» ትላለች፤ እሱ «አነሣለሁ» ይላል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አንድም የለም። ያን ቀን በደጃቸው ያለፈው አሮጌ ብረት ገዢው ብቻ ነበር። ሚስቱን ቢጠይቃት «እኔ ምን አውቅልሃለሁ» አለች። ጋሽ ግራም ማስረጃም ምስክርም ሳይጠራ ፈረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየውን መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰማይ ሰማይ እያየ ያልፋል፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ሰማይ ሲያይ ለውኃ ቧንቧ የተቆፈረ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ጎትቶ ያወጣው ያው አሮጌ ብረት ገዢው ነው። ለዚያም ቢሆን አላመሰገነውም።

«ያ ሌባ የእናትሽን ተሳቢ አይነካትም!»

«እንግዲያው ሥራም የሚያደርስህ፣ ተሳቢዋንም የሚጎትት፣ ደመወዝህን በነዳጅ የማይበላ መኪና ፈልግ። እስከዚያ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት አለህ። ካላገኘህ ይወስዳታል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሷ እየዛገች፣ አንተ በመስኮት እያየሃት... ይኼን ማየት አልችልም አባዬ።»

ተስማሙ። ጋሽ ግራም በልቡ ድሉን ቆጥሮ ጨርሷል። መኪና ስለ መምረጥ የሚያውቀው ነገር ባይኖርም ነገሩ የክብደት ጉዳይ ነው፤ የክብደት ጉዳይ ደግሞ በእሱ እጅ ነው።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቱ የወለል ሚዛን ተውሶ አመጣ። የቀኝ ጎማዋን መዘነ፣ የግራውን መዘነ፣ መኪናው ላይ የሚያርፈውን አፍንጫዋን መዘነ። ደመረ። ተሳቢዋ ወለል ላይ፣ ከፊት በኩል፣ የጎማ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ምንጣፉ ላይ የሚስቱ የሥራ ጓንቶች፣ ግራው በቀኙ ላይ ተደርቦ፣ እሷ እንዳስቀመጠቻቸው አሉ። ጓንት የተሳቢ አካል አይደለም። ስለዚህ በጥንቃቄ አነሣቸውና ወጥ ቤት ገብቶ በትንሿ ሚዛን ላይ አስቀመጣቸው። ዘጠና ግራም። እንደነበሩት፣ ግራውን በቀኙ ላይ አድርጎ፣ ቦታቸው መለሳቸው። ምንጣፉን አላነሣም። ከዚያ ከድምሩ ላይ ዘጠናዋን ግራም ቀንሶ ማስታወሻው ላይ በቀይ ጻፈ፦ ስድስት መቶ አሥር ኪሎ፣ ከዘጠና ግራም ጉድለት ጋር። አፍንጫዋ ለብቻው መቶ ሠላሳ መምጣቱ ትንሽ ገርሞት ነበር፤ ሠሪው በያጁ ከፊት በኩል ብረት አብዝቶ ነው ብሎ አለፈው።

የመኪና ደላላው ምላሱ የማይደክም ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ የወሰደው ተራራ የሚወጣ የሚመስል ትልቅ መኪና ዘንድ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ቤት ይጎትታል! ቤት!»

«ቤቱ ስንት ኪሎ ነው?»

ደላላው ፈጥኖ በሩን ከፈተለት። ጋሽ ግራም መኪናው ላይ ለመውጣት እግሩን ቢያነሣ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። በርጩማ አመጡለት። ከወጣ በኋላ ደግሞ በርጩማው ውጭ ስለቀረ መውረድ አቃተው። በየቀኑ ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ በርጩማ እያወጣ የሚወርድ ተቆጣጣሪ ማን ይፈራዋል? ነዳጁንም ሲጠይቅ ደላላው ስለ ቀለሙ ማውራት ጀመረ። ተዉት።

ቀጥሎ የዕቃ መጫኛ ሚኒባስ አዩ። ጉልበቱ ደህና ነበር፤ የኋላ መስኮት ግን የለውም። ኋላውን እያየም ሽቦ የሚበጥስ ሰው ጭራሽ ሳያይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አሰበና ራሱ ፈርቶ ወረደ።

ሦስተኛዋ ግራጫ፣ ኋላዋ ረዘም ያለ ትንሽ የቤት መኪና ነበረች። ገና ሲቀመጥባት እግሩ መርገጫው ላይ በልኩ አረፈ። የመፈተሻ ሣጥኑ ከኋላ ገባ፤ ጎንበስ ሳይል አነሣው። ተሳቢ የሚቀጠልበት የብረት ኳስም የቀድሞው ባለቤት አስገጥሞላታል። ጋሽ ግራም ኳሱን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና ደላላውን አየው።

«አንተ ስንት ኪሎ ነህ?»

«እኔ? ሰባ... ሰባ አምስት?»

«ቁምበት።»

ደላላው መንገደኛ እያየው፣ ጣራውን ይዞ፣ በአንድ እግሩ ኳሱ ላይ ቆመ። ጋሽ ግራም ተንበርክኮ የመኪናዋ ኋላ በስንት ጣት እንደወረደ ለካ። «ጎሽ፣ ችላሃለች» አለ። ከዚያ መመሪያ መጽሐፏን አውጥቶ አነበበ። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሆነ፣ ከነጭነቱ እስከ አምስት መቶ ኪሎ።

የሚስቱ ተሳቢ ፍሬን የላትም። ባዶዋን ስድስት መቶ አሥር ናት።

«ማን ያይዎታል ጋሼ?» አለ ደላላው ከኳሱ እየወረደ። «መንገድ ላይ ሚዛን ይዞ የሚዞር ሰው አለ እንዴ?»

«አለ» አለ ጋሽ ግራም። «እኔ።»

ቤቱ ሲመለስ መስኮቱ ሥር ቆሞ ተሳቢዋን አያት። ቀኑ እያለቀ ነው፤ ቅዳሜ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቷል። ግራጫዋን ቢወስድ ተሳቢዋ ትሄዳለች። ትልቁን ቢወስድ ደመወዙ ይሄዳል፤ ጉልበቱም። ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አደረና አንድ መላ መጣለት፦ ተሳቢዋን ማሳጠር። ጎንና ጎኗን አስቆርጦ፣ ከኋላ አንድ ክንድ አስቀንሶ ማቅለል። ሚስቱ የቀባችው አረንጓዴ ቀለም ያለው ጎኖቿ ላይ መሆኑን አስቦ፣ ማሰቡን ተወው።

በያጁ ተሳቢዋን ከዐሥር ዓመት በፊት የሠራ ሰው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አዳመጠው።

«ከስድስት መቶ አሥር ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ አውርድልኝ» አለ ጋሽ ግራም።

«ከስንት?»

«ከስድስት መቶ አሥር።»

«ጋሼ፣ ያቺ ተሳቢ እኮ ሦስት መቶ አትሞላም። ብረቱን በኪሎ ነው የገዛሁት፤ ጎማዋ፣ አክስሏ፣ ጣውላዋ ተደምሮ ሁለት መቶ ዘጠና ነው። እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ባለቤትዎ "ቀላል ካልሆነች አልረከብህም" ብላ አስጨንቃኝ ነበር።»

«እኔ መዝኛታለሁ።»

«እኔም ብረቱን ስገዛ ተመዝኗል።»

«የብረት መደብሩ ሚዛን የተበላሸ ነዋ! ያኔውኑ ማሸግ ነበረብኝ!»

ጋሽ ግራም ቱግ ብሎ ተነሣ፤ በያጁም ሥራውን ጥሎ ተከተለው። ብረት መደብሩ ማዶ ነው። ጋሽ ግራም ሣጥኑን ከፍቶ ክብደቶቹን በየተራ ትልቁ ሚዛን ላይ አስቀመጠ። አምስት ሲያስቀምጥ አምስት ይላል፤ ሠላሳ ሲያስቀምጥ ሠላሳ። ጎንበስ ብሎ ማኅተሞቹን አየ። ከዐሥር ዓመት በፊት የተመታው የእርሳስ ማኅተም፣ ከላዩ የየዓመቱ እየተደረበበት፣ አለ። የሁሉም ማኅተም ቁጥር የጋሽ ግራም የራሱ ነው።

በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጋሼ፣ ወይ ያኔ ተሳስተዋል፣ ወይ አሁን።»

መደብር ጠባቂው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ሲስቅ ይታይ ነበር።

ጋሽ ግራም ሣጥኑን ዘግቶ ወጣ። አሥር እርምጃ ከሄደ በኋላ በያጁ ከኋላው ጮኸበት፦ «ሣጥኗን አዩት? ከፊት፣ ከወለሉ ሥር? ለገመድና ለሸራ ብላ ያሠራችኝን?»

ከወለሉ ሥር ሣጥን እንዳለ አያውቅም ነበር። ገበያ በሄዱ ቁጥር እሱ ከፊት ተቀምጦ «ቀስ በይ» ሲል ነው የኖረው።

ቤቱ ደርሶ ኮቱን ሳያወልቅ ተሳቢዋ ላይ ወጣ። ጓንቶቹን አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ምንጣፉን ገለበጠ። ከሥሩ የብረት ክዳን አለ፤ ሁለት ብሎን ፈትቶ አነሣው። ገመድም ሸራም የለም። በጆንያ ቁራጭ እየተጠቀለሉ፣ እንዳይንቃጨሉ በመካከላቸው ጨርቅ እየተሸጎጠ፣ አራት በአራት የተደረደሩ አሥራ ስድስት ክብደቶች። የአንዱን ጆንያ ገለጥ አደረገ። ሃያ ኪሎ ይላል፤ ሥሩ የራሱ የድሮ ማኅተም።

ዘጠና ግራም የቀነሰው ሰው ሦስት መቶ ሃያ ኪሎ አምልጦታል። ይህን ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንዴት አድርጎ እንደሚነግራቸው ማሰብ ጀመረና ሳቅ አመለጠው፤ ብቻውን፣ ኮቱን እንደለበሰ፣ ተሳቢ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ከዚያ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ አልለካም።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ብረት ገዢው በሩን አንኳኳ። ልጁም እዚያው ነበረች፤ አባቷ ሰውየውን በሩ ላይ እንዳያዋርደው ብላ ቀድማ ነበር የመጣችው። ጋሽ ግራም ግን ሰማይ ሰማይ አላየም። ወደ ተሳቢዋ ወስዶ ክዳኑን ከፈተለት።

አሮጌ ብረት ገዢው ጎንበስ ብሎ አየ። አልደነገጠም።

«አገኘሃቸው ማለት ነው» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ማን የተሸከመላት መሰለህ? አሥራ ስድስቱንም በዚህ ትከሻዬ ነው ያስገባሁላት። "ከወጥ ቤቴ በር ላይ ይነሡልኝ እንጂ የትም ይሁኑ" አለችኝ። በኋላ ተሳቢዋ የፊቱ ክብደት አረጋግቷት መንገድ ላይ መወዛወዟን ስትተው እንዲያውም ተደሰተች፤ ጣሳውን ሁሉ ከኋላ ነበር እኮ የምትጭነው፣ ለማውረድ እንዲቀላት።»

«ስምንት ዓመት ሌባ ስልህ ዝም አልክ?»

«አደራ አለችኛ! "ደስ ያለው ቀን እኔ ራሴ እነግረዋለሁ" ነው ያለችኝ።»

«በስምንት ዓመት ውስጥ ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም?»

«ነበር። እንዲያ ባለ ቀን ስጠይቃት ደግሞ "ዛሬማ ደስ ብሎታል፣ ለምን አበላሽበታለሁ" ትላለች።»

ልጁ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልታወቀም። ጋሽ ግራም ትክ ብሎ መሬቱን አየ። ይህ አነጋገር የሚስቱ ነው፤ ድምፅዋ ብቻ ነው የጎደለው።

«ከቦዩም ያወጣኸኝ አንተ ነህ» አለ በመጨረሻ።

«ከብደህ ነበር።»

«ስንት ኪሎ መሰልኩህ?»

«ሂድ ወዲያ!» አለና አሮጌ ብረት ገዢው ትከሻውን መታው። «ይኸውልህ፣ ተሳቢዋን የፈለግኋት ጋሪው ትከሻዬን ስለጨረሰው ነው። የእህቴ ልጅ መኪና አለው። ግን ካልሸጥክ ግድ የለም፣ ወንድሜ።»

«አልሸጥም። ማክሰኞና ሐሙስ ግን ውሰዳት። ከክብደቶቹም አሥራ አራቱን ውሰድ፤ መሥሪያ ቤቱ ያስወገዳቸው ናቸው፣ ለአንድ ነገር ይሆኑሃል።»

«ሁለቱስ?»

ጋሽ ግራም አሥራ አራቱን አወጣለት። ሁለቱን እሷ በጠቀለለችበት ጆንያ እንደተጠቀለሉ ሣጥኑ ውስጥ ትቷቸው ክዳኑን ገጠመ።

ሰኞ ዕለት ግራጫዋን መኪና ገዛት። ደላላው ሲፈራረሙ «እኔ ያኔውኑ ትጎትታለች አላልኩም?» አለ፤ ጋሽ ግራምም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በግምት ለሚሠራ ሰው «ልክ ነህ» አለው። የመለኪያ ዘንጓን መዞ አየ። ሞልቷል። በነጋታውም መዞ አየ። እስካሁን በየጠዋቱ ያያል፤ አንዳንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ።

ዓርብ ልጁ ስትመጣ የወለል ሚዛኑ እንደገና ወጥቷል። ጣሳዎቹን ከባድ ከባዱን ወደ ፊት ደርድሮ ከመጫኑ በፊት ባዶዋን መዘናት፤ ልጁ ቁጥሩን አነበበች፣ እሱ ጻፈ። ከሁለቱ ክብደቶች ጋር ሦስት መቶ ሠላሳ። ጭነቱ መቶ ሃምሳ ቢሆን ለግራጫዋ ሃያ ኪሎ ይተርፋታል።

«ጓንቶቹ እኮ ላይዋ ናቸው» አለች ልጁ። «አትቀንሳቸውም?»

«ተያቸው» አለ። «ከነጓንቱ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ተሳቢዋ ግራጫዋ ላይ ተቀጥላ፣ ሎሚና ሮማኑን ጭና፣ ወደ ኋላ ከግቢ መውጣት ነበረባት። አሮጌ ብረት ገዢው መንገዱ መሐል ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፤ «ግራ! ግራ! ሌላኛው ግራ!» እያለ ይጮኻል። ጋሽ ግራም መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር ተሳቢዋ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ወደ ግራ ሲያዞር ወደ አጥሩ። በያጁ ሱቁን ከፍቶ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ጋሽ ግራም ለስድስተኛ ጊዜ ወደ ፊት ገባና፣ ዘይቱን በልቡ አስቦ፣ ጓንቶቹን በመስታወቱ አይቶ፣ «ቀስ በል» ብሎ ለራሱ ነገረው።

ጎረቤቲቱ ከበሯ ብቅ አለች፤ ትንሽ አየችውና ልብሷን ከሽቦው ላይ መሰብሰብ ጀመረች።